ቀዝቀዝ ይላል

የጄሉን ብልቃጥ በብብቴ ይዤ ነው የምገባ፣
ሐምሌ ነው፤ ዝናብና ቆርቆሮ ገና በጠዋት ሲግባባ።
ዘጠኝ ቁጥር ክፍል፤ መጋረጃው አንድ ቀለበት የጎደለው፣
ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር፣ በካርቶን የተደገፈው።
«ሲስተር» ይሉኛል። ነርስ አይደለሁም፤ ማረም ትቻለሁ።
«ቀዝቀዝ ይላል» እላለሁ፤ ባይቀዘቅዝም እላለሁ።

ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው የምሰደው ከቆዳ ሥር፣
ገደል ማሚቶ ተቀብላ በብርሃን የምትመልሰው ነገር።
እኔ ጋ ጥቁር ክፉ አይደለም፤ ጥቁር ማለት ውሃ ነው፣
ነጩ አጥንት፣ ወይ ድንጋይ፤
ግራጫው ሌላው ሁላችንም ነን።

ከወልድያ ስመጣ ኦሮምኛዬ ሁለት ትእዛዝ ነበር፦
«አፉራ ቀበዹ»፣ ትንፋሽሽን ያዢ፤
«ገዲ ለኪሲ»፣ ልቀቂው።
በሁለቱ መሃል ስንት ሆድ ገብቼ ወጣሁ፣
ያየሁትን ሁሉ የራሴ ሆድ ይፍጀው።

ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ።
ለማሕፀን የሚታዩ ስድስት ሴቶች፣
አንዳንድ ሊትር ጠጥተው፣ ሽንታቸውን ቋጥረው፣
አግዳሚው ላይ እግር በእግር አነባብረው፣
አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ «በአላህ አታስቂኝ» ትላለች፣
ዘበኛው ደግፌ ጄኔሬተሩን እንደ ሰው ይሰድባል።
«ናፍጣ የለም» ሲባል አንዲቷ ጫማዋን ጥላ ወደ ጓሮ ሮጠች።
ተመልሳ እንደገና መጠጣት ጀመረች፣
ጠርሙሱን እንደ ባለዕዳ እያየችው።

መፍቱሃ አራተኛ ነበረች።
ከጌራ፣ በጭቃ፣ በአይሱዙ ጋቢና፤ ሃያ ስምንት ሳምንት።
«ቀዝቀዝ ይላል።»
ጭንቅላቱ፣ ይኸው።
አከርካሪው፣ እንደ ሙስባሃ ዶቃ ተሰክቶ።
ልቡ ዘንድ ደረስሁ። ቆየሁ።
ፕሮቡን አዘነበልሁ። ቆየሁ።
ያ ዓሣ የሚርገበገብበት ቦታ
የረጋ ኩሬ ሆኖ ጠበቀኝ።

ስክሪኑን አላየችም፤ የምታነበው ፊቴን ነው።
ፊቴን አሠልጥኜዋለሁ፣
ቅንድቤ እንኳ ያለ ፈቃድ አይነሳም።
«ጂራ?» አለችኝ።
አንድ ቃል። በቋንቋዋ «አለ?» ነው፣ «በሕይወት አለ?»ም ነው፤
በኔም ቋንቋ ያው።
አለ። እጁ አለ፣ አምስት ጣት።
እግሩ አለ፣ ተረከዙ አለ፣
አፍንጫው፣ ያባቱ ይሆናል፣ አለ።
«ዶክተሩ ይነግርሻል።»

ከዚህ ሌላ ዓረፍተ ነገር አልተሰጠኝም።
የተሰጠኝ ሶፍት ነው።
ከእምብርቷ ጀምሬ ቀስ ብዬ ጠረግሁላት፣
ደርቆም ጠረግሁላት።
ማሽኑ የሷን ስም ካልዘጋሁ የሌላ ሰው አይጽፍም።
ዘጋሁ።

አባ ሚልኪ፣ ከዴዶ፣ ሰባ ዓመት፣
ሸሚዛቸውን እስከ ደረታቸው ሰቅለው፣
«ሲስተር፣ ወንድ ነው ሴት?»
ሳቅሁ፤ አፌን በጓንቴ ጀርባ ሸፍኜ፣
ቀልዱ ከሚገባው በላይ ረጅም ሳቅ።
ሐሞታቸው ውስጥ ሦስት ድንጋይ፣ እንደ ጉልቻ የተጎለቱ።
ይኼንንም ዶክተሩ ይነግራቸዋል፤
«ሐሞቴ ጎጆ ወጣ» ብለው
መንደሩን ሲያስቁ ከወዲሁ ታዩኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት። ዝናቡ አላባራም።
የወሊድ ክፍሉ በረንዳ ላይ መፍቱሃ አልጋ ትጠብቃለች።
ነግረዋታል፤ ከአቀማመጧ ይታወቃል።
ባሏ ብርቱካን ይልጣል፣ አንድ አንዱን ገምሶ መዳፏ ላይ ያኖራል፤
አትበላም፣ አትጥልም።
በሌላ በኩል ማለፍ ፈለግሁ፤ ወደ በሩ ሌላ መንገድ የለም።
«ሲስተር» አለች፣ በተሰባበረ አማርኛ፣
«ቀዝቃዛ ነው አልሽኝ።
አልነበረም።»

ደግፌ በሩን ከፈተልኝ። ባጃጅ ጠራሁ።
ገንዘብ ላወጣ እጄን ካፖርቴ ውስጥ ስሰድ
ብልቃጡ ብብቴ ሥር ነበር፣
ረስቼ ይዤው ወጥቻለሁ።